የእማማ ሸዋረገድ ስለት

"ዓለሜ፣ አፈር ሲለብስ ከቤተሰቡ አንድ ሰው እንኳን አልነበረም። እኔ ነኝ የጮኽኩለት።"

እትዬ አባይነሽ ይህን ያሉት ከአውሮፕላኑ ወጥተው ዊልቸሩ ላይ ገና ሳይደላደሉ ነው። ዓለምሸት ፍሬኑን ለቃ መግፋት ጀመረች። ከኋላ ሰው እየጎረፈ ነው፤ በሩ ላይ የቆመችው ሱፐርቫይዘር በሬዲዮ እያወራች ዓይኗን እነሱ ላይ ጥላለች። የዳላሱ ኤርፖርት ዲኤፍደብሊው ላይ ዊልቸር የሚገፋ ሰው ከመንገደኛ ጋር ተቃቅፎ አያለቅስም። ዓለምሸት ጎንበስ ብላ "እትዬ፣ እዚህ አይሆንም፤ ሥራ ላይ ነኝ" አለቻቸው።

"እሺ የኔ ልጅ" አሉና በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠራረጉ። ጥቂት እንደሄዱ ግን እንደገና ጀመሩ። ምን ያድርጉ፣ ያን ሁሉ ሰዓት አየር ላይ አፍነውት የመጡት ነገር ነው። ወንጂ፣ የስኳር ፋብሪካው ሠራተኞች ሰፈር፣ ከዓለምሸት ወላጆች ጋር አንድ ግድግዳ ተካፍለው የኖሩ ጎረቤት ናቸው። አሁን የመጡት አርሊንግተን የሚኖረውን ልጃቸውን ሊጠይቁ ነው። የዓለምሸት አባት አቶ ወልዴ የሞቱት እሳቸው ዓይን ሥር ነው ማለት ይቻላል። ምሳቸውን በልተው በር ላይ ተቀምጠው ነበር። እትዬ አባይነሽ ከቤት ብቅ ብለው "ወልዴ፣ ፀሐዩ መጣብህ እኮ፣ ወደ ውስጥ ግባ" ቢሏቸው መልስ የለም። እያሾፉ መስሏቸው ደግመው ተጣሩ። አቶ ወልዴ ማሾፍ ይወዱ ነበርና።

ዓለምሸት ይህን ሁሉ የምትሰማው እየገፋች ነው። አሳንሰሩ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ፈገግ ብሎ ሲያያት እሷም ፈገግ አለችለት። አባቷ ከሞቱ ሁለት ሳምንት አልፏል። እስካሁን ድምፅ አውጥታ ያለቀሰችው አንዴ ብቻ ነው፤ እሱም ወሬው በደረሳት ቀን፣ የመንገደኞች መጸዳጃ ቤት ውስጥ፣ የእጅ ማድረቂያውን ማሽን ደጋግማ እያስጮኸች። የሥራ ልብሷ ጥቁር ሱሪና ጥቁር ሸሚዝ መሆኑን የወደደችውም ከዚያ ቀን ወዲህ ነው። ቤቷ ውስጥ ጥቁር መልበስ አትችልም፤ እናቷ አያውቁማ።

እናቷ እማማ ሸዋረገድ ዩለስ ከተማ፣ እሷ ቤት ናቸው። የመጡት ለወንድሟ ለአንዷለም ሠርግ ሲሆን ሠርጉ የዛሬ ሳምንት፣ ቅዳሜ ነው። ግሬፕቫይን ከተማ አንድ ሆቴል ውስጥ አዳራሽ ተይዟል፣ ከሲያትልም ከቶሮንቶም ሰው ትኬት ቆርጧል። የሙሽራዋ አባት አቶ ሕዝቅያስ ደግሞ በዳላስ አበሻ ዘንድ ስማቸው ሲነሳ ሰው ተስተካክሎ የሚቀመጥላቸው ሰው ናቸው። የአቶ ወልዴ ሞት በተሰማ ዕለት ሽማግሌዎች እሳቸው ቤት ተቀመጡና፣ መርዶው ከሠርጉ በኋላ፣ ሰኞ ማለዳ፣ እንደ ወጉ ይነገር አሉ። እስከዚያ ማንም ትንፍሽ እንዳይል። ዓለምሸት ለቀብሩ ልሂድ ብትል "አንቺ ድንገት ብድግ ብለሽ ከሄድሽ እናትሽ ምን ሊሉ ነው?" ተባለች። ስለዚህ ቀረች። ቤተ ክርስቲያን የሚመጣው አበሻ ግን ሁሉም ሰምቷል፤ እሑድ እሑድ "እግዜር ያጽናሽ"ን በዓይኑ ብቻ እያለ ያልፋታል።

እትዬ አባይነሽ ጭናቸው ላይ በጋቢ የተጠቀለለ ረጅም ነገር አቅፈዋል። የሻንጣ መረከቢያው ጋ ሲደርሱ አነሡና አስታቀፏት።

"ይኸው፣ እናትሽ ያዘዘችው ጃንጥላ። አዲስ አበባ ድረስ ሄጄ ነው የገዛሁት። ዘርፍ ይኑረው፣ ቀይ ከፋይ ይሁን እያለች በስልክ ስታዘኝ ምን ልበላት? አልገዛም ብል ትጠረጥራለች። ከለቅሶው ድንኳን ተነሥቼ ነው ጃንጥላ ስመርጥ የዋልኩት፣ ዓለሜ። እግዜር ይቅር ይበለኝ።"

ጃንጥላው የስለት ነው። አቶ ወልዴ ጉልበታቸውን ካመማቸው ዘመን የለውም፤ ሚስታቸውም ጠበል ግባ ብለው ያልለመኑበት ዓመት የለም። እሳቸው ግን የፋብሪካ መካኒክ ናቸው። "እኔ ዕድሜ ልኬን ቧንቧ ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ውሃ ምን እንደሚችልና ምን እንደማይችል አውቃለሁ" ይሉ ነበር። እማማ ሸዋረገድ በመጨረሻ ለእመቤታችን ተሳሉ፤ ይህን ሰውዬ ጠበል ካስገባሽልኝ፣ ባለሁበት አገር ላለው ቤተ ክርስቲያንሽ የክብር ጃንጥላ አገባለሁ ብለው። ይህን ስለት ማንም አያውቅም ነበር። ስለዚህ አንዷለም፣ አባትህ ለምን ስልክ አያነሣም ብለው እናቱ ሲያስጨንቁት፣ አፉ ላይ የመጣለትን ተናገረ፤ ምንጃር ጠበል ገብቷል፣ እዚያ ደግሞ ስልክ አይፈቀድም አለ። እናቱም ስለቴ ሠመረ ብለው ጃንጥላውን አዘዙ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። ይቺ ግን እያደር ከበደች።

እትዬ አባይነሽ ልጃቸው መኪናውን ይዞ እስኪመጣ የዓለምሸትን እጅ ይዘው ተቀመጡ። መርዶው እስኪነገር እናንተ ቤት ድርሽ አልልም፣ ሸዋረገድን ስትስቅ ካየኋት አልችልም አሉ። ከዚያ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ለመሆኑ ጠበል ገባ ያላችሁት ማን ሆኖ ነው? ወልዴ? ወልዴ ጠበል?"

ሁለቱም ሳያስቡት ሳቁ። ዓለምሸት ሳቋ ወደ ሌላ ነገር ሊለወጥ ሲል ከንፈሯን ነክሳ ያዘችው።

ዩለስ ያለው አፓርታማ የአውሮፕላን መውረጃ ሥር ነው። እማማ ሸዋረገድ በመጡ ሰሞን አንድ ባለፈ ቁጥር ያማትቡ ነበር፤ አሁን ግን ቀና ብለውም አያዩም። ጃንጥላውን ሲቀበሉ ግን እልል አሉ። ሳሎኑ መሀል ቢዘረጉት ጣሪያው ላይ ያለውን ማራገቢያ ነካ፤ ጥግ ወስደው ዘረጉትና ከሥሩ ገብተው ቆሙ። ቀዩ ከፋይ ፊታቸውን አቀላው። ስድሳ አምስት ዓመት ያለፋቸው ሴት አይመስሉም ነበር።

"አየሽ ዓለሜ? እኔ አጠገቡ ስሆን ነው እኮ እልሁ። ዞር ስልለት ብቻውን ገባ።"

"ያምራል እማዬ" አለች ዓለምሸት።

"ምን ያምራል ብቻ፣ እልል በይ እንጂ! ደግሞ ይሄን ጥቁር ልብስ ቀይሪ። ቤት ውስጥ ጥቁር አልወድም።"

ቀየረች። ቢጫ ቀሚስ ለብሳ መጣች፤ እናቷም ለሠርጉ ሹሩባ ልሥራሽ፣ ሳምንቱን ሙሉ ሥራ ላይ ነሽ፣ ዛሬ ካልሆነ መቼ ብለው እግራቸው ሥር ወለሉ ላይ አስቀመጧት። ሐዘን ላይ ያለች ሴት ሹሩባ አትሠራም። ዓለምሸት የአባቷ አፈር ሳይደርቅ ፀጉሯ ሲጎነጎን ተሰማት፤ እንባዋም በጉንጯ ወረደ። እናቷ ጣታቸውን ገታ አደረጉ።

"ምነው?"

"ጠበቀብኝ።"

"እሺ አላላዋለሁ። ፎቶ ትነሺና ከጠበል ሲወጣ እንልክለታለን። ሹሩባ ያምርባታል ይል አልነበር?"

እየጎነጎኑ የነገውን እሑድ አወሩላት። ከቅዳሴ በኋላ ስለት ያለው ሰው እየወጣ ይናገራል፤ እሳቸውም ማይኩን ይዘው ይመሰክራሉ። ለሴቶች ማኅበር ሰብሳቢዋ ለወይዘሮ ውባለም ባለፈው እሑድ ነግረዋቸዋል። "እጄን ይዛ አለቀሰችልኝ እኮ" አሉ። "በሰው ደስታ የሚያለቅስ ሰው ዛሬ ከየት ይገኛል? እንዴት ያለች ሩኅሩኅ ሴት ናት።"

ይህን ስትሰማ ዓለምሸት ብድግ አለች። ሥራ ቦታ መደወል አለብኝ ብላ ግማሽ ፀጉሯ እንደተፈታ ወጣችና መኪናዋ ውስጥ ገባች። ለቅሶ ቤቷ ይቺ መኪና ናት። ባሏ ግዛቸው ከባድ መኪና ይነዳል፤ አሁን አሪዞና ነው። እሱ "በእናንተ ቤተሰብ ጉዳይ አልገባም" ካለ ቆይቷል። ስለዚህ የደወለችው ለአንዷለም ነው። ነገ ሊሆን ያለውን ነገረችው፤ እማዬ ቆማ፣ ሰው ሁሉ እያወቀ፣ ለሞተ ሰው ጤና ልታመሰግን ነው አለችው።

"ሶ፣ ምን ይሁን ነው የምትዪው?" አለ።

"ዛሬ እንንገራት። አንተ ና፣ አብረን እንንገራት።"

"ዓለም፣ አንድ ሳምንት ነው የቀረው። ደስ ብሏት ትስጥ፣ ምን ትጎዳለች? ሰውም እኮ ዝም ያለው ለእሷ ብሎ ነው።" ከዚያ ድምፁ ሰለለ። "አባት የሞተብሽ አንቺ ብቻ ነሽ? እኔ ትናንት ሱት ስለካ ነው የዋልኩት። ማሽላ እያረረ ይስቃል ሲባል የምሰማው ተረት መስሎኝ ነበር።"

አዘነችለት። አንዷለም የአባቱ የጨዋታ ጓደኛ ነበር፤ በየቀኑ የሚደዋወሉት እነሱ ናቸው። ሙሽራዋ ኤዶምም ክፉ ልጅ አይደለችም። እዚህ ተወልዳ ያደገች ናት፤ ሞቱ እንደተሰማ ሠርጉን እናስተላልፈው ብላ ነበር፤ ማንም አልሰማትም። ዓለምሸት ይህን እያሰበች ሳለ ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ተሰማት። አንዷለም አማቶቹ ቤት ኖሯል። አቶ ሕዝቅያስ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አያውቁም፤ አሁንም ቀስ ብለው ነው የተናገሩት።

"ልጄ ዓለምሸት፣ ኀዘንሽ ይገባኛል። ግን መርዶ በአንድ ሰው አፍ አይነገርም። ሰው ተሰብስቦ፣ ማልዶ፣ ግራና ቀኝ ደጋፊ ተቀምጦ ነው። አባቶቻችን ይህን ያወጡት ያለ ምክንያት አይደለም። እናትሽ ደም ግፊት አለባቸው። ነግረሻቸው ቢወድቁ ማን ይይዛቸዋል?"

"እሱስ ልክ ብለዋል" አለች።

"ደግሞ የልጄን ነገር አስቢ። አማቿን ቀብራ ተሞሸረች ቢባል ዕድሜ ልኳን የሚከተላት ስም ነው።"

ሰው ሁሉ አሁንም እያወቀ እንዴት ነው ታዲያ የማይባለው ብላ መጠየቅ ፈለገች። ግን ገባት። የሚያሳፍረው የአባቷ መሞት አይደለም፤ እናቷ ማወቃቸው ነው። እናቷ እስካላወቁ ድረስ ሠርጉ ላይ ለቅሶ የለም፣ ሁሉም መጨፈር ይችላል። "እሺ" ብላ ስልኩን ዘጋች። ይቺን እሺ ለምዳታለች።

ወደ ቤት ስትመለስ ልጇ ናኦሚ መኝታ ቤቷ በር ላይ ቆማ ጠበቀቻት። ናኦሚ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ሰሞኑን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ክፍሏ ገብታ ትዘጋለች፤ አያቷ "ልጅቷ ጠላችኝ" ብለው ተቀይመዋል።

"ማሚ፣ እኔ ነገ ቸርች አልሄድም።"

"ለምን?"

"እማማ ስፒች ታደርጋለች፣ ሰው ሁሉ ክላፕ ያደርጋል። ሁሉም ያውቃል፣ እሷ ብቻ አታውቅም። የእሷ ሃዝባንድ ነው እኮ።"

"ቀስ በይ፣ ትሰማሻለች። እንዳትጎዳ ብለን ነው። እየጠበቅናት ነው።"

"ከምን?" አለች ናኦሚ። "እሱ ኦልሬዲ ሞቷል።"

ዓለምሸት ልጇን ተቆጣቻት። በትልልቅ ሰዎች ነገር አትግቢ፣ አገሩን አታውቂውም፣ ወጉን አታውቂውም አለቻት። ናኦሚም በሩን ዘጋች። ዓለምሸት ሳሎን ተመልሳ እናቷ እግር ሥር ተቀመጠችና የቀረው ሹሩባ ተሠራላት።

እሑድ ጠዋት እማማ ሸዋረገድ ከሁሉ ቀድመው ተነሥተው ነጫጭ ለብሰው ጠበቋት። ጃንጥላውን የመኪናው ኋላ እናድርገው ብትላቸው አይሆንም፣ ስለት እንደ ዕቃ ኋላ አይጫንም አሉ። በዚያው በጋቢ ጠቅልለው ከፊት ወንበር እንደተቀመጡ በጭናቸው ላይ አጋደሙት፤ ጫፉ የዓለምሸትን ክንድ ይነካታል። ናኦሚ አልመጣችም። አሞኛል አለች፤ አያቷም ማር በሙቅ ውሃ ሰጥተዋት ወጡ።

መንገዱ ባዶ ነበር። ሀይዌይ 183 ላይ ከወጡ በኋላ እማማ ሸዋረገድ የሚናገሩትን ማጥናት ጀመሩ። "እመቤቴ ማርያም፣ ይህን እልኸኛ ባሌን..." ይሉና ያቆማሉ። እልኸኛ ማለት ሰው ፊት ያስነውራል? "ባሌን" ልበል ወይስ "ወልዴን"? ዓለምሸት እንደፈለግሽ አለቻቸው።

"ለነገሩ የክርስትና ስሙን ብጠራ ይሻላል" አሉ። "ቄሱ በዚያው ለጤናው ይጸልዩለታል።"

ያ ስም በፍትሐት ከተጠራ ሁለት ሳምንት አልፎታል። ዓለምሸት መሪውን አጥብቃ ያዘች፤ መውጫውን ልታልፈው ምንም አልቀራትም ነበር።

"አንድ ነገር ልንገርሽ" አሉ እናቷ ድንገት፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ስንለያይ ተኳርፈን ነበር። በዚሁ በጠበሉ ነገር። ኤርፖርት ድረስ ሸኝቶኝ እንኳን ጉንጬን ብቻ ነው የሰጠሁት። እዚህ ከመጣሁ ወዲህም ስልክ ላይ ከልቤ አላወራሁትም። አሁን ግን ተሸነፈልኝ አይደል? እንግዲህ ሲወጣ እኔ ነኝ ይቅርታ የምጠይቀው።"

ዓለምሸት ፍሬቻ አብርታ ታጠፈች።

እማማ ሸዋረገድ ወዲያው ወደ ጨዋታቸው ተመለሱ። ልጃቸው ነጠላ መልበስ መርሳቷ የሁልጊዜ መሳቂያቸው ነው። በመጡ ሰሞን የመጀመሪያው እሑድ ዓለምሸት ቸኩላ ነጠላዋን ዘቅዝቃ፣ ጥለቱን ወደ ታች መልቀቅ ሲገባት አንገቷ ሥር አድርጋ ወጥታ ነበር። እንደዚያ የሚለበሰው የቅርብ ሰው ሲሞት ነው። እናቷ በሩ ላይ ይዘው አስቆሟት፤ "አባትሽ ቆሞ እየሄደ ታሟርቺበታለሽ? አሜሪካ ሁሉን ነገር አስረሳችሁ" እያሉ በገዛ እጃቸው ገለበጡላት። ያን ቀን በስልክ ለአቶ ወልዴ ነግረዋቸው፣ ኩርፊያውን ለአፍታ ረስተው ሦስቱም ስቀው ነበር። አቶ ወልዴ "ተዪያት፣ ልምምድ ነው" አሉ። እማማ ሸዋረገድ አሁን ይህን አስታውሰው ብቻቸውን ሳቁ።

ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሲደርሱ ቅዳሴው ተጀምሯል፤ የካህናቱ ድምፅ በድምፅ ማጉያ ውጭ ድረስ ይሰማል። ዓለምሸት መኪናዋን ዳር ላይ ፓርክ አደረገች። በሩ ላይ ወይዘሮ ውባለም ከሌሎች ሴቶች ጋር ቆመዋል። እማማ ሸዋረገድ ከመኪናው ወርደው ጋቢውን ገለጥ ሲያደርጉትና ቀዩ ከፋይ ሲታይ ሴቶቹ ወሬያቸውን አቆሙ። አንዷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አንዷ እልል ልትል ጀምራ ተወችው። ወይዘሮ ውባለም ዓለምሸትን ከሩቅ አዩዋት፤ ምን እናድርግ እንደማለት ትከሻቸውን ከፍ ዝቅ አደረጉ።

እማማ ሸዋረገድ ለሁሉም ጎንበስ ብለው ሰላምታ ሰጡ። የሴቶቹን ዝምታ አክብሮት መስሏቸዋል።

ያን ጊዜ ነው ዓለምሸት የመርዶውን ሰኞ ያየችው። ማለዳ በሩ ይንኳኳል። እነዚሁ ሴቶች፣ እነዚሁ ሽማግሌዎች ሳሎኗን ሞልተው ይቀመጣሉ። እናቷ ይጮኻሉ፣ ደረታቸውን ይመታሉ፤ እሱ የማይቀር ነው። በኋላ ግን ቀስ ብለው ይቆጥራሉ። መቼ ሞተ ይላሉ። ይህን ቀን ያስታውሳሉ። ባላቸው አፈር ውስጥ ሆኖ ማይክ ይዘው መቆማቸውን፣ አዳራሹ ሙሉ ሰው ዓይን ዓይናቸውን እያየ ማጨብጨቡን፣ ልጃቸው ከጎናቸው ቢጫ ለብሳ መቆሟን። ከሞቱ ይልቅ ይሄኛው ነው እናቷን የሚሰብራቸው። ከዚያ ወዲያ ሰው ፊት ቀና ብለው የሚሄዱ አይመስላትም። እሷንም ቀና ብለው የሚያዩዋት አይመስላትም።

ደግሞ ኤዶምን አሰበች፤ አዳራሹን፣ አንዷለምን፣ ከሲያትል የሚመጡትን። አቶ ሕዝቅያስ ዕድሜ ልካቸውን አያናግሯትም። ወንድሟም ምናልባት።

"ምን ቆመሻል?" አሉ እናቷ። "ነጠላሽን ልበሽ እንጂ። ወንጌል ሳይነበብ እንግባ።"

ነጠላው ከኋላ ወንበር ላይ ነው። ዓለምሸት አወጣችውና ዘረጋችው። ጥለቱ ሰማያዊ ነው፤ ለሠርጉ ብለው እናቷ ራሳቸው ያመጡላት። በሩ ላይ ያሉት ሴቶች ያዩዋታል። ጥለቱን በሁለት እጇ ይዛ ለአፍታ ቆየች። ከዚያ ወደ ላይ አዞረችው፤ አንገቷ ሥር አድርጋ አጣፋችው።

እማማ ሸዋረገድ ዞር ብለው አዩዋትና ሳቅ አሉ።

"አሁንም? ተዘቅዝቋል እኮ፣ ዓለሜ። ሰው ሳያይሽ አስተካክይው።"

ዓለምሸት አላስተካከለችውም።

እናቷ ጃንጥላውን መኪናው ላይ አስደግፈው፣ እንደዚያን ጊዜው በገዛ እጃቸው ሊገለብጡላት ቀረቡ። እጃቸው ጥለቱ ላይ ሳይደርስ ዓለምሸት ያዘችው። ሌላውን እጇን በወገባቸው ዙሪያ አሳለፈች፤ ከዊልቸር የሚነሣ መንገደኛ እንደምትይዝ፣ አጥብቃ። እናቷ መጀመሪያ የተያዘውን እጃቸውን አዩ፤ ቀጥለው ነጠላዋን፣ ከዚያ ፊቷን።

"ዓለምሸት?" አሉ።

ሙሉ ስሟን ጠርተዋት አያውቁም ነበር። ዓለምሸት እግሯን አራርቃ ቆመችና የበለጠ አስጠግታ ያዘቻቸው።